ፔልቲዬና የመራራው ቅርፊት ምስጢር

በአገራችን ከመድኃኒት ቤት የሚሰጠንን እንክብል ሁሉ፣ ለራስ ምታትም ይሁን ለሆድ ቁርጠት፣ ኪኒን ብለን እንጠራዋለን። ሐኪም ኪኒን አዘዘልኝ፣ ኪኒኑን በውሃ ዋጥሁት እንላለን እንጂ ቃሉ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ኪኒን መጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ብቻ ስም ነበር፤ ይኸውም በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ከሚበቅል ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው፣ እጅግ የሚመረው የወባ መድኃኒት ነው። የአንዱ ስም የሁሉ መጠሪያ መሆኑ ሰዎች ያን መድኃኒት ምን ያህል ያምኑት እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ኪኒንን ከቅርፊቱ ለይተው ለዓለም ያስረከቡት ሁለት የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚዎች ናቸው። ከሁለቱ በዕድሜ የሚበልጠው ፒዬር ዦዜፍ ፔልቲዬ ይባላል። የዚህን ሰው ታሪክ በመጽሔታችን ለማቅረብ የመረጥነው ስሙን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ እሱ ከ200 ዓመት በፊት ያነሣው ጥያቄ ዛሬም በየገበያው በሚሸጠው የዕፅዋት መድኃኒት ፊት ቆሞ መልስ ስለሚጠብቅ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፔልቲዬ በማርች 22 ቀን 1788 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በርትራን ፔልቲዬ በዘመኑ የታወቀ ኬሚስትና መድኃኒት ቀማሚ ሲሆን፣ በዣኮብ መንገድ ላይ መድኃኒት ቤት ነበረው። ሕፃኑ ገና አንድ ዓመት ሲሞላው የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ፤ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ደግሞ አባቱ በ1797 ሞተበት። ይሁን እንጂ ልጁ የአባቱን ሙያ አልተወም። በ1810 የመድኃኒት ቀማሚነት ፈቃዱን አገኘ፤ በ1812 በሳይንስ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በ1815 በፓሪስ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ የመድኃኒት ዕፅዋትን ጠባይ ማስተማር ጀመረ። መምህር ከሆነም በኋላ መድኃኒት ቤቱን አልዘጋም። ትልልቆቹ ግኝቶቹ የተገኙት ከዚሁ መድኃኒት ቤት ጓዳ በነበረው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በአንድ በኩል ሕመምተኛ ገዥ፣ በሌላው በኩል የመስታወት ዕቃና እሳት ነበሩት፤ ስለዚህ ምርምሩ ሰው ገዝቶ ከሚውጠው ነገር ርቆ አያውቅም።

በዚያን ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤት ምን ይመስል ነበር? ዛሬ በአገራችን የሥርና የቅጠል መድኃኒት የሚሸጥበትን መደብር ያየ ሰው በቀላሉ ሊገምተው ይችላል። ቅርፊት፣ ሥር፣ ፍሬና ሙጫ በጆንያና በሣጥን ታሽጎ ከሩቅ አገር በመርከብ ይመጣል፤ ነጋዴው ለጅምላ ሻጭ፣ ጅምላ ሻጩ ለመድኃኒት ቤት ይሸጠዋል፤ ቀማሚው ወቅጦ፣ ነፍቶ፣ አፍልቶ ለሕመምተኛው ይሰጠዋል። ከዚያ ሁሉ ዱቄት ውስጥ የሚፈውሰው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ከድንቁርናው በላይ ደግሞ ምስጢር ነበረ። በ17ኛው መቶ ዓመት ሮበርት ታልቦር የተባለ እንግሊዛዊ ምስጢራዊ የወባ መድኃኒት አለኝ እያለ ነገሥታትን እስከ ማከም ደርሶ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ምስጢሩን በብዙ ገንዘብ ገዛው፤ ታልቦር በ1681 ከሞተ በኋላም ነገሩ በመጽሐፍ ታተመ። ዋናው ነገር በወይን ጠጅ የተበጠበጠ የታወቀው የሲንኮና ቅርፊት ሆኖ ተገኘ! ይህ ሰው ግን በሕይወቱ ሳለ በዚያው ቅርፊት አደገኛነት ላይ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ጽፎ ነበር። ይኸው ንጉሥ በ1688 ኤልቬስዩስ ከተባለ ሐኪም ደግሞ የደም ተቅማጥ መድኃኒት ምስጢር ገዛ፤ እሱም ኢፔካክ የተባለ የብራዚል ተክል ሥር ነበረ። እንግዲህ ሕመምተኛው የሚገዛው መድኃኒት ሳይሆን የሻጩን ስምና አፍ ነበረ ማለት ነው።

ሲንኮና የእውነት ፈዋሽ ነበረ። ችግሩ የቅርፊቱ ዐይነት ብዙ መሆኑ ነው። ግራጫ፣ ቢጫና ቀይ እየተባለ ይሸጣል፤ ከአንዱ ዛፍ የተላጠው ከሌላው፣ ከአንዱ ተራራ የመጣው ከሌላው ይለያያል፤ በዚህም ላይ ነጋዴ ሌላ ርካሽ ቅርፊት ይደባልቅበታል። ስለዚህ አንድ ሐኪም ትናንት አንዱን ሕመምተኛ ያዳነበትን ያህል ዱቄት ዛሬ ለሌላው ቢሰጥ ላያድነው ይችላል። ሕመምተኛውም መራራውን ዱቄት በማንኪያ እየጋተ፣ ብዙ ጊዜም እያስመለሰው፣ ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ሐኪሙ ጥፋቱ የበሽታው ይሁን የቅርፊቱ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

መንገዱን የጠረገው ሰርቱርነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። እሱ ከኦፒየም ውስጥ ሞርፊንን ለይቶ፣ ይህ ነገር ከአሲድ ጋር ተዋሕዶ ጨው የሚሆን ቤዝ መሆኑን በ1817 ሰፋ አድርጎ አሳወቀ። ፔልቲዬ የዚህን ነገር ትርጉም ቶሎ ተረዳ። አንድ ተክል በሰውነት ላይ የሚሠራው ኃይል በጠቅላላው ተክል ላይ የተበተነ ረቂቅ መንፈስ ሳይሆን፣ ተለይቶ ሊወጣና በሚዛን ሊለካ የሚችል ነገር ከሆነ፣ በመደርደሪያው ላይ የተከመረው ቅርፊትና ሥር ሁሉ እንደ አዲስ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚያው በ1817 ፔልቲዬ ማዣንዲ ከተባለው ታዋቂ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጋር ሆኖ ከኢፔካክ ሥር ውስጥ ኤሜቲን የተባለውን ነገር ለየ። ፍጹም የጠራ አልነበረም፤ ነገር ግን የኤልቬስዩስ ምስጢር ከሥሩ የተነቀለው ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ደግሞ ዦዜፍ ካቫንቱ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት ጓደኛው ሆነ። ካቫንቱ በ1795 የተወለደ የወታደር ቤት መድኃኒት ቀማሚ ልጅ ነበረ። ሁለቱ የቅጠልን አረንጓዴ ቀለም ለይተው ክሎሮፊል የሚል ስም ሰጡት፤ ዛሬ በባዮሎጂ ክፍል የምንጽፈው ስም እነሱ ያወጡት ነው። በ1818 የቅዱስ ኢግናጥዮስ ባቄላ ከሚባለው ፍሬ ስትሪክኒን የተባለውን ብርቱ መርዝ አወጡ።

በ1819 የሠሩት ሥራ ደግሞ በተለይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል። በዚያን ጊዜ አንጎስቱራ የሚባል የትኩሳት ቅርፊት ከቬኔዙዌላ እየመጣ በአውሮፓ ይሸጥ ነበር። በዚሁ ስም ግን እሱን የሚመስል ሌላ ቅርፊት ወደ ገበያው ገባ፤ መድኃኒት ነው ብለው የወሰዱት ሰዎች ሰውነታቸው እየተገተረ፣ እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። ፔልቲዬና ካቫንቱ ይህን ሐሰተኛ አንጎስቱራ መርምረው ለስትሪክኒን የቅርብ ዘመድ የሆነ መርዝ አገኙበት። ስሙንም ብሩሲን አሉት። ለምን? ያ ገዳይ ቅርፊት የመጣው ከኢትዮጵያ ተክል ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ ነው። ተክሉ በአገራችን ዋጊኖስ የሚባለው ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ አገራችን ገብቶ ሲቆይ የደም ተቅማጥ ይዞት በዋጊኖስ እንደ ዳነ ስለ ጻፈ፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ተክሉን በእሱ ስም ብሩሴያ ብለውት ነበር።

ይሁንና ዋጊኖስ በነገሩ የለበትም። ቅርፊቱ ስትሪክኒን ከሚገኝበት ከእስያው የኑክስ ቮሚካ ዛፍ የተላጠ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ዋጊኖስ የራሱ የሆኑ ሌሎች መራራ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ብሩሲን ግን የለውም። የኢትዮጵያ ፈዋሽ ተክል ስም የእስያ መርዝ መጠሪያ ሆኖ በኬሚስትሪ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ቀርቷል። ፔልቲዬ በመርዙ አልተሳሳተም፤ የሚዛኑና የእሳቱ ሥራ ትክክል ነበረ። የተሳሳተው ጆንያው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ከዚህ የምንማረው፣ በቤተ ሙከራ የሚደረገው ምርመራ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን፣ የተመረመረው ተክል በእርግጥ የትኛው እንደ ሆነ ካልታወቀ ውጤቱ በሰው ስም እንደ ተጻፈ ደብዳቤ ወደማይገባው ቤት መሄዱን ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሲንኮና ተመለሱ። ጎሜስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ሐኪም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቅርፊቱ ሲንኮኒን የሚባል ነጭ ክሪስታል አውጥቶ ነበር። ፔልቲዬና ካቫንቱ ግራጫውን ቅርፊት ሲመረምሩ ይህንኑ ክሪስታል አገኙ። ቢጫውን ሲመረምሩ ግን የወጣው ክሪስታል ሳይሆን እንደ ሙጫ ያለ ነገር ነበረ። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ቢሆን፣ ይህ ያልጠራ ሲንኮኒን ነው ብሎ ባለፈው ነበር። እነሱ ግን ጠባዩን አንድ በአንድ ከሲንኮኒን ጋር አስተያይተው ሌላ ነገር መሆኑን አረጋገጡ፤ ስሙንም ኪኒን አሉት። ከቀዩ ቅርፊት ሁለቱም ወጡ። ውጤቱን በሴፕቴምበር 11 ቀን 1820 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረቡ። የትኛው ቅርፊት ለምን ከሌላው እንደሚለይ፣ መቶ ሰማንያ ዓመት ያህል ሐኪሞችን ያከራከረው ጉዳይ፣ በዚያን ቀን በኬሚስትሪ መልስ አገኘ።

ዘዴው ለማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ የሚገባ ነው። ቅርፊቱ ተወቅጦ አሲድ በገባበት ውሃ ይፈላል፤ ኪኒኑም ጨው ሆኖ ይሟሟል። ውሃው ተጣርቶ ኖራ ሲጨመርበት ኪኒኑ ከኖራው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል። ዝቃጩ ደርቆ በአልኮል ሲታጠብ ኪኒኑ በአልኮሉ ይወጣል፤ አልኮሉ ሲተን ኪኒኑ ይቀራል። ከዚያ በሰልፈሪክ አሲድ ነጭ ክሪስታል ይሆናል።

ታልቦርን ያስታወሰ አንባቢ፣ ሁለቱ ወጣቶች ይህን ምስጢር ስንት ሸጡት ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አልሸጡትም። ፓተንት የሚባለውን የብቸኝነት መብት ሳይጠይቁ ዘዴያቸውን በሙሉ አሳትመው ለሁሉም ክፍት አደረጉት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጀርመንና በአሜሪካ ሳይቀር ፋብሪካዎች ኪኒን ማውጣት ጀመሩ። ፔልቲዬም ድኻ ሆኖ አልቀረም፤ እሱም ፋብሪካ አቁሞ ኪኒን እያመረተ ይሸጥ ነበር። የሸጠው ግን በሚዛን የተለካ ዕቃ ነው፤ ምስጢሩን አልነገደበትም። የሳይንስ አካዳሚው በ1827 የሞንቲዮንን ሽልማት፣ 10,000 ፍራንክ፣ ለሁለቱ ሰጣቸው።

የዚህን ሰው ጠባይ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ከቡናችን ጋር የተያያዘ ነው። ቡናና ሲንኮና በዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ በዚያን ዘመንም ቡና ትኩሳት ያበርዳል የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ። ስለዚህ ፔልቲዬና ካቫንቱ ምናልባት በቡና ውስጥም ኪኒን ይገኝ ይሆናል ብለው ፈለጉ። ያገኙት ኪኒን ሳይሆን ካፌይን ነበረ። ነገር ግን በ1821 ሮቢኬ የተባለው የሙያ ባልደረባቸው ካፌይንን ማግኘቱን ሲያውቁ፣ የኛ ፍለጋ ዓላማው ሌላ ነበረ፣ ሥራውም አላለቀም በማለት ቀዳሚነቱን ለእሱ ለቀቁለት። ፔልቲዬ ይህንኑ በኋላ በመዝገበ ቃላት ውስጥ በራሱ እጅ ጽፎ አስቀመጠው። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በጀርመን ሩንገ ካፌይንን አግኝቶ ነበር። ስለ ማን ቀደመ በሚደረግ ክርክር ሊቃውንት ሲጣሉ ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኪኒን በዓለም ላይ ያመጣው ለውጥ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፊት የሐኪሙ ነው። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ይህን ያህል ግራም ብሎ ማዘዝ ቻለ። ሲያንስ በሽታው እንደሚያገረሽ፣ ሲበዛ ጆሮ እንደሚጮህና ዓይን እንደሚጎዳ ለየ። ከዚህም በላይ፣ መድኃኒቱ የተለካ ስለ ሆነ፣ የማይድነው ትኩሳት ሌላ በሽታ መሆኑን ማወቅ ተቻለ። ቀድሞ ቅርፊቱ ለትኩሳት ሁሉ ይሰጥ ነበር፤ ኪኒን ግን ወባን እንጂ ታይፎይድን እንደማያድን ታየ። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ፔልቲዬ በዕድሜው አላወቀም። የወባን ተሕዋስ ላቭራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በአልጄሪያ በሰው ደም ውስጥ ያየው በ1880 ነው፤ ኪኒን ሲሰጥም ከደሙ እንደሚጠፋ አስተዋለ። የኤሜቲንም ነገር እንዲሁ ነው፤ የደም ተቅማጥ የሚያመጣውን አሜባ እንደሚገድል የተረጋገጠው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ንጥረ ነገሩ በንጹሕ ተለይቶ ባይጠብቅ ኖሮ፣ የማይክሮስኮፑ ዘመን ሲደርስ ይህን መመርመር ባልተቻለም።

ሁለተኛውን ፊት መደበቅ አይገባንም። የአውሮፓ ጦር በአፍሪካ ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ በወታደሩ ኮሮጆ የነበረው ኪኒን ነው። ቅርፊቱን መጀመሪያ የሰጠችው የአንዲስ ምድር ናት፤ ዘሩ ግን ከአገሩ ተወስዶ በጃቫ ደሴት በሆላንዶች እርሻ ተተከለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለም ኪኒን አብዛኛው ከዚያ ይመጣ ነበር። ዕፁ የአንዱ፣ ዕውቀቱ የሌላው፣ ትርፉ የሦስተኛው ሆነ። ዕፅዋቱን ራሱ የማይመረምር አገር ይህ ዕጣ ሊደርሰው ይችላል።

ፔልቲዬ በ1823 ከኬሚስቱ ዱማ ጋር ሆኖ አልካሎይዶች ናይትሮጅን እንዳላቸው በመተንተን አሳየ። በ1825 ፕሮፌሰር፣ በ1832 የትምህርት ቤቱ ምክትል ዲሬክተር ሆነ። በ1840 ለሳይንስ አካዳሚ አባልነት ሲመረጥ ጤናው ተጓድሎ ስለ ነበረ በዚያው ዓመት ከማስተማር ሥራው ወጣ። በጁላይ 1842 በ54 ዓመቱ ሞተ። ካቫንቱ እስከ 1877 ኖረ። በ1900 ለሁለቱ በፓሪስ የነሐስ ሐውልት ቆሞላቸው ነበር፤ በጀርመኖች ወረራ ጊዜ ነሐሱ ተወስዶ ቀለጠ፤ በ1951 በምትኩ የድንጋይ ሐውልት ተሠራ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይነግረናል? ወባ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በ1958 በተነሣው ወረርሽኝ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ከኪኒን በኋላም ታላቁ የወባ መድኃኒት የመጣው ከተክል ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩና ጓደኞቿ በ1972 አርቴሚሲኒንን ከአርቴሚሲያ ለዩ። ይሁን እንጂ የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 የዚያኑ ተክል ሻይ ለወባ መከላከያም ሆነ ማከሚያ መጠቀምን እንደማይደግፍ አስታውቋል። ምክንያቱም በሻይ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከቅጠል ቅጠል፣ ከአፈላል አፈላል ይለያያል፤ ያነሰ መጠን ደግሞ ተሕዋሱን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን ያስለምደዋል። ይህ የግራጫውና የቢጫው ቅርፊት ጉዳይ እንጂ ሌላ አይደለም።

በእኛ ዘንድ ስለ ዕፅዋት መድኃኒት ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ እያለ ያንቋሽሻል፤ ሌላው የአባቶቻችን ነውና አይመረመርም ይላል። ፔልቲዬ ከሁለቱም ወገን አልነበረም። ቅርፊቱን ባይንቀው ነው የመረመረው፤ ባያመልከው ነው የለካው። በአገራችንም ይህ መንገድ እንግዳ አይደለም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡበት ከነበረው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያይ፣ ነገሩን በቢልሃርዚያ ላይ ሊሠራ የሚችል መሣሪያ አድርጎ መረመረው።

እንግዲህ በጠርሙስ ወይም በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን መድኃኒት ስናይ የምንጠይቀው ይህን ይሁን፤ ተክሉ በእርግጥ በስሙ የተጻፈው ነውን? ምን ንጥረ ነገር አለበት? በአንዱ ማንኪያ ውስጥ ስንት ነው? የትኛውን ጀርም፣ በየትኛው መጠን ይገድላል? በመስታወት ሳሕን ላይ ጀርም መግደሉ ብቻ አይበቃም፤ በረኪናም ይገድላል። ሰውየውን ሳይጎዳ በሰውየው ውስጥ መግደል አለበት። የኬሚስትሪው፣ የባዮሎጂው፣ የፋርማሲውና የሕክምናው ተማሪ ለየብቻው ይህን ሊመልስ አይችልም፤ ዕፁን የሚያውቀውን ባለ መድኃኒትም በክብር አስቀምጦ መጠየቅ፣ ስሙንና ድርሻውንም መጠበቅ ያስፈልጋል።

አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። መድኃኒቱን የደበቀስ? ለራሱ ልጅም ሳያስተምር ቢሞት ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል፤ ሳያስለካ ቢሸጥ ደግሞ ማን እንደ ዳነ፣ ማን እንደ ሞተ አይታወቅም። በየገበያው ያለው ሕመምተኛ ወገናችን ገንዘቡን ቆጥሮ ይከፍላል፤ የሚከፍልበትን ነገር ቆጥረን ልንነግረው የሚገባን እኛ ነን።